ሰው የለመዱ ጉሬዛዎች

ክንዴ ሙግት የማይሆንለት ሰው ነበር። እርሻ ላይ ጎበዝ ነው፤ ወንጭፍ ላይማ ከእንጅባራ እስከ አዲስ ቅዳም የሚተካከለው አልነበረም። ሸንጎ ፊት ሲቆም ግን ጆሮው ይቀላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ አማርኛው ያልቅበትና የቀረውን በአገውኛ ይጨርሰዋል። በአገውኛውም ቢሆን ረትቶ የተመለሰበትን ቀን ሚስቱ እታለማሁ አታስታውስም።

እንግዲህ በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘንገና ሐይቅ ዳር ለሚኖሩ ዘጠኝ ጉሬዛዎች ጠበቃ ሆኖ የተነሣው ይህ ሰው ነው። ጉሬዛዎቹ ምርጫ ቢኖራቸው ኖሮ ሌላ ይፈልጉ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ገብስ ነው። ያን ዓመት ገብሱ እሸት ከያዘ ጀምሮ ከጫካ የሚወጣ አውሬ በየማለዳው እየገባ ያወድመው ጀመር። ማማ ላይ የሚወጣው ጠባቂ ጎህ ሲቀድ ብርዱን ሽሽት ወደ ቤቱ እሳት ጎራ ይላል፤ ሲመለስ ግማሽ ጥማድ ተሸምጥጦ ይጠብቀዋል። ሰዉ ተማረረ። ጭቃ ሹም ገበየሁ አገሩን ሾላው ሥር ሰበሰቡና ነገሩን በአጭሩ ቋጩት።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። እኛም መጀመሪያ ገብሳችንን። የፊታችን ማክሰኞ ውሻ ያለው ውሻውን፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን ይዞ ይውጣ። ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛ ሳንል ጫካውን እናጸዳዋለን።»

ክንዴ ብድግ አለ። ጆሮው አስቀድሞ ቀልቷል።

«ጉሬዛ ገብስ አይበላም» አለ።

«ጠይቀኸው ነው?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰዉ ሳቀ።

«አውራ ጣት የለውም! እጁ አራት ጣት ብቻ ነው። ቅርንጫፍ ለመያዝ ይሆነዋል እንጂ በአራት ጣት ገብስ እንዴት ይሸመጥጣል? የሚበላው ቅጠል ነው፤ ቅጠል ብቻ…» ከዚያ በኋላ ያለውን በአገውኛ አለው፤ ሰዉ አገውኛውንም ይሰማልና ባሰበት እንጂ አልቀነሰም፤ ይበልጥ ሳቁበት።

ክንዴ ይህን ያወቀው ማንም በማያውቀው መንገድ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ማማ ላይ ተራው ደርሶ ሳለ፣ ከገብሱ ዳር ባለው ብሳና ላይ ጥቁርና ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቶ ወነጨፈ። ወንጭፉ ስቶ አያውቅም፤ ያን ለትም አልሳተም። ሲደርስ የወደቀችው ሴት ጉሬዛ ነበረች። ሌባይቱን በእጅ ከፍንጅ ለማስያዝ ሆዷን ቀዶ አየ። የበሬ ጨጓራ የሚመስል ትልቅ ከረጢት ሙሉ ቅጠል ነበር፤ አንዲት የገብስ ፍሬ አልተገኘችበትም። እላይ ከቅርንጫፉ ደግሞ ገና የተወለደች ግልገሏ፣ እንደ ባዘቶ የነጣች፣ ብቻዋን ተንጠልጥላ ትጮኻለች። ሌላ ሴት ጉሬዛ መጣችና አንሥታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ደግሞ ሌላይቱ ተቀበለቻት። በሚቀጥሉት ወራት ክንዴ ያችን ወላጅ አልባ ግልገል ሴቶቹ በየተራ ሲያቅፏት፣ ሲልሷት፣ ነጩ ጸጉሯ ቀስ በቀስ ወደ ጥቁር ሲለወጥ አየ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉት ነገር እሱ እጅ ላይ ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ ወንጭፉን ወደ ጉሬዛ አዙሮ አያውቅም።

ይህን ለሸንጎ መናገር ነበረበት። አፍሮ ዋጠው።

በምትኩ ሌላ ነገር ተናገረ። «አንድ ማለዳ ስጡኝ። ካላሳመንኋችሁ ማክሰኞ እኔም ውሻዬን ይዤ እወጣለሁ።»

ለዚህ ድፍረት የሚሆን አንድ ነገር ነበረው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጥንድ በሬውን ከመጥመዱ በፊት በየማለዳው ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ጫካው ውስጥ ያለ አንድ ጉቶ ላይ ሲቀመጥ ከርሟል። መጀመሪያ ሲያዩት ዛፍ ለዛፍ እየዘለሉ ይጠፉ ነበር። ቆይተው ቆም ማለት ጀመሩ። አውራው፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ የተቆረጠው ትልቁ ወንድ፣ አንድ ጊዜ በቀጥታ ከራሱ በላይ መጥቶ ሸናበት፤ ክንዴ ጋቢውን ራሱ አጥቦ ለእታለማሁ ዝናብ ነው አላት። ዐይን ዐይናቸውን እንዳያይ፣ እንዳያስል፣ ቅጠል ነገር ወደ አፉ አድርጎ ዝም እንዲል ተማረ። በሁለተኛው ዓመት እሱ ጉቶው ላይ ሳለ ከራሱ በላይ ተቀምጠው ቅጠላቸውን ይበሉ ጀመር። ጋቢ የለበሰ ሰው ለእነሱ እንደ ጉቶው ሆነ።

በዚህ ተማምኖ ጭቃ ሹም ገበየሁን፣ ቄስ በዛብህንና አራት ሽማግሌዎችን ገና ሳይነጋ ወሰዳቸው። የእህቱ ልጅ ሀብቱም መጣ፤ ሀብቱ ዘንድሮ ያገባ፣ በአገሩ የተመሰገነ ፈረሰኛ ነው፤ ወንጭፍ ያስተማረው አጎቱ ክንዴ ነበር። «ሁላችሁም ነጭ ጋቢ ልበሱ፤ አትናገሩ፤ ዐይናቸውን አትዩ» ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቃቸው።

ጎህ ሲቀድ አውራው ከጥዱ ጫፍ ሆኖ ጮኸ። የጉሬዛ ጩኸት ድንጋይ በጣሳ ውስጥ እንደሚንከባለል ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው ሌላ መንጋ መለሰለት። ከዚያ ምንም የለም። ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ዘጠኙም እንደ መናኝ ተኮራምተው ዝም አሉ። ጭቃ ሹም ገበየሁ ማንቀላፋት ጀምረው ነበር። ፀሐይዋ ስትነካቸው ግን ወረድ ወረድ እያሉ ጋቢ ከለበሱት ሰዎች በላይ ተቀመጡ፤ ቅጠል ይበጥሱ ጀመር። አራት ጣታቸው ለሁሉም ታየ። ያችው ወላጅ አልባ የነበረችው፣ አሁን ራሷ የሳምንት ነጭ ግልገል ይዛ መጣች፤ አጠገቧ ያለችው ሴት እጇን ዘርግታ ግልገሉን ወሰደችው፤ ከእሷም ሌላይቱ። ቄስ በዛብህ ከንፈራቸውን መጠጡ።

እግዜር ሲያግዝ ደግሞ እንዲህ ነው፤ በዚያው ሰዓት ዝንጀሮዎች ከገደሉ ወጡና ከነልጆቻቸው ተሰልፈው ገብሱ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌዎቹ በገዛ ዐይናቸው አዩ። ጉሬዛዎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም።

ቅዳሜ በሸንጎ ፊት ጭቃ ሹም ገበየሁ «ክንዴ ረትቷል» አሉ። ቄስ በዛብህ ተነሥተው ገዘቱ፤ ከዛሬ ጀምሮ በጉሬዛ ላይ እጁን ያነሣ፣ በጥይትም ይሁን በድንጋይ፣ የተገዘተ ይሁን አሉ። ክንዴ ያን ለት እታለማሁ የጠመቀችውን ጠላ ለሰፈሩ ሁሉ አጠጣ። ሁለት ጊዜ ዘፈነ፤ ሁለቱንም ጊዜ ድምፁ አላማረም፤ ግድ አልነበረውም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ረትቷል።

ታኅሣሥ አለፈ፤ ገብሱ ገባ። በጥር አጋማሽ ክንዴ በቅሎ ሊሸጥ ዳንግላ ወርዶ ሁለት ቀን ሰነበተ። ሲመለስ ማለዳ ወደ ጉቶው ሄደ፤ ጩኸት የለም። አውራው የለም። ስምንቱ ከጥዱ ጫፍ ላይ ተጣብቀው እሱን ሲያዩ ተንቀጠቀጡ። ነብር ነው አለ በልቡ። ነብር አውራቸውን በልቶባቸው ነው የፈሩት፤ ላረጋጋቸው ይገባል። ስለዚህ ያን ሳምንት የእህል ውቂያውን ለጎረቤት ትቶ በየማለዳው ከወትሮው ረዘም እያለ ተቀመጠላቸው። በአምስተኛው ቀን ወረዱ። ደስ አለው፤ ዳግመኛ ያመኑት መሰለው።

ጥር ሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ለት ፈረሰኛው ከየአቅጣጫው ወጣ። ፈረሶቹ አጊጠዋል፤ ጎበዞቹ በጉግስ ሜዳውን አቧራ አድርገውታል። ከሁሉ አንደኛ የሀብቱ ፈረስ ነበር። ሀብቱ ትከሻው ላይ የጉሬዛ ለምድ ደርቧል፤ ረዥሙ ነጭ ጸጉር ሲጋልብ ከኋላው ይንሳፈፋል። ሴቶች እልል አሉ። ክንዴ ግን ከለምዱ የተንጠለጠለውን ጅራት አየ። ጫፉ የተቆረጠ ነው።

ሰዉን ጥሶ ሄዶ የፈረሱን ልጓም ያዘ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከጫካ ነዋ አጎቴ። እርስዎ ካሳዩን ቦታ።»

«ግዝቱስ?»

«አንድ ብቻ ነው እኮ። ለጊዮርጊስ ክብር እንጂ ለሆዴ አደረግሁት?»

«እንዴት…» ክንዴ ምላሱ ተያዘ። «እንዴት ቀረብኸው?»

ሀብቱ ሳቀ፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። «ምን ጥበብ አለው? እርስዎ ዳንግላ የወረዱ ለት ነጭ ጋቢ ለበስሁ፤ ምንሽሬን ከጋቢው ሥር አደረግሁ፤ በእርስዎ ጉቶ ላይ ተቀምጬ እንደ እርስዎ ቅጠል አኘክሁ። አውራው ራሱ ወረደልኝ። አጎቴን መሰልሁት መሰለኝ።»

ክንዴ ልጓሙን ለቀቀ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እሱ ግን ገደሉን ራሱ ቆፍሮት ነበር። እነዚያን አምስት ማለዳዎች አስታወሰ። ከጥይቱ በኋላ ሰውን ሊፈሩ ጀምረው ነበር፤ አትፍሩ ብሎ መልሶ ያወረዳቸው እሱ ነው።

ወደ ጭቃ ሹም ገበየሁ ሄዶ ግዝቱ መፍረሱን ነገራቸው።

«አይቻለሁ፣ አይቻለሁ» አሉ ሜዳውን እያዩ። «ነገር ግን ክንዴ፣ እስቲ እውነት ፍረድ፤ አላማረበትም?»

ቄስ በዛብህ ይሻሉ ነበር። ሀብቱን ጠርተው ገሠጹት፤ ግዝት ደፍረሃልና ቀኖናህ መቶ ስግደት ነው አሉት። ሀብቱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ መቶውን ስግደት አንድ እረፍት ሳያደርግ ጨረሰው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ የፈረሱን ያህል ነው። ቆመው ያዩት ጓደኞቹም ያዩትን አዩ፤ አንድ የጉሬዛ ለምድ ማለት መቶ ስግደት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ሁሉም አንድ ብቻ ነበር የሚፈልገው። አንዱ ለሠርጉ፣ አንዱ ለአማቱ ስጦታ፣ አንዱ ደግሞ ሀብቱ ያለው እኔ ምን አንሼ ብሎ። ክንዴ በየቤታቸው እየሄደ ለመነ፣ ተቆጣ፣ በአገውኛ ተሳደበ። «አንድ እኮ ነው፣ ጋሽ ክንዴ» ይሉታል፤ በአንድ መጨቃጨቁ ገርሟቸው። ጭቃ ሹሙን ጠባቂ ይመደብልኝ አላቸው። «ለገብስ ጠባቂ አጥተን ከርመን ለጉሬዛ ዘብ እናቁም?» አሉት። ቄስ በዛብህን ቀኖናውን ያክብዱት አላቸው። «ለሰው ነፍስ የሚሰጠውን ለዛፍ አውሬ ልስጥ?» አሉት። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በየካቲት አጋማሽ አምስት ጉሬዛዎች ቀሩ።

አምስቱም አሁንም ይወርዱለት ነበር። አንድ ማለዳ እናትየው፣ ያች እሱ እናቷን የገደለባት፣ ግልገሏን ታቅፋ እጁን ቢዘረጋ ወደሚነካት ቅርንጫፍ መጣች። ግልገሉ ጀርባው ላይ መጥቆር ጀምሯል። ሌሎቹ ራቅ ብለው ሲቀመጡ እሷ ስትቀርብ፣ ሰውዬው ካለ ደኅና ነው ያለች ትመስል ነበር። ክንዴ እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ።

ለእታለማሁ ነገራት። «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» አላት። «ካልሄድሁ ሌላው ጋቢ ለብሶ ይሄዳል። ከሄድሁ ለሌላው አለምድለታለሁ።»

እታለማሁ ቀጥተኛ ሴት ናት። «እረኛውን የለመደ በግ አራጁንም አይሸሽ» አለች። «በል አስፈራቸዋ። ወንጭፍህ የት ሄደ?»

ሦስት ቀን አኮረፋት። በአራተኛው ቀን ከጓሮ ጭቃ አንሥቶ በጡጫ ልክ ሳይሆን በሎሚ ልክ አድቦልቡሎ ምድጃው ዳር አደረቀ። ድንጋይ ይገድላል፤ የደረቀ ጭቃ ግን ያሳምማል፣ ይፈርሳል። ማለዳ ያንኑ ነጭ ጋቢ ለበሰ፤ ያንኑ ጉቶ ያዘ፤ እስኪወርዱ ጠበቀ። ወረዱ።

የመጀመሪያውን ግንዱ ላይ ወነጨፈ። ጭቃው ቷ ብሎ ፈረሰ። አምስቱም አዩት። ሁለተኛውን ከራሳቸው በላይ ላከው፤ ቅጠል ረገፈባቸው። እናትየው የረገፈውን ቅጠል አንሥታ በላችው።

«ሂዱ!» ብሎ ጮኸ። «ሰው ነኝ እኮ! ሰው!»

አልሄዱም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማራቸውን እንዴት በአንድ ጠዋት ይርሱት? ክንዴ ያን ጊዜ የተናደደውን ያህል በሀብቱም ተናድዶ አያውቅም። ሰው በእነሱ ቦታ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሸሽቶ፣ ከስሶ፣ ተበቅሎ ነበር፤ እነዚህ ግን ቁጭ ብለው ያዩታል። እንግዲህ ማስደንገጥ ብቻውን የማይሆን ከሆነ መምታት አለ። ግልገሉ ሌላይቱ ዘንድ እስኪሄድ ጠበቀ። ከዚያ እናትየውን ጭኗ ላይ መታት።

ጮኸች። ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ነበር። ወደ ላይ ወጣችና ከጥዱ ጫፍ ሆና ዞር ብላ አየችው፤ ክንዴ ያቺን አስተያየት እስኪሞት አልረሳትም። ሌላ ጭቃ ወንጭፉ ውስጥ ከተተ።

ዘጠኝ ማለዳ ሄደ። በየቀኑ አንዱን መታ። በሦስተኛው ቀን መውረድ ተዉ። በስድስተኛው ቀን ገና ጋቢው ሲነጣ ሲያዩ ከጎረምሳዎቹ አንደኛው ያን የድንጋይና የጣሳ ድምፅ አሰማ፤ የአባቱን ያህል አልጎረነነም፤ ግን ጮኸ፤ ሁሉም ተከትለውት ዘለሉ። በዘጠነኛው ቀን ሐይቁ ዳር ባለው ገደል ላይ፣ ሰው ረግጦ ወደማይወጣው ዛፍ ተሻግረው አገኛቸው። ከዚያ ማዶ ሆነው ጮኹበት።

እንግዲህ ወሬ መች ይደበቃል! ክንዴ ጉሬዛ እየወነጨፈ ነው ተባለ። በመጀመሪያ ያላመነ ጫካ ሄዶ አየና አመነ። ሰዉ ሳቀ፤ ከሳቀውም የተናደደው በለጠ። «እኛን በአንድ አንድ ሲጨቀጭቀን ከርሞ!» አሉ ባለ ለምዶቹ። ቄስ በዛብህ አስጠሩት።

«እጅህን አንሥተሃል?»

«አንሥቻለሁ።»

«ገደልህ?»

«አልገደልሁም። ሰውን እንዲፈሩ ነው። ሰው ከፈሩ…» ጆሮው ቀላ። «እኔ ያለመድኋቸውን እኔው… ከኔ ሌላ ማን…» አማርኛው አለቀበት። በአገውኛ ሊቀጥል አፉን ከፈተና እሱም ጠፋበት።

ነገሩ ምናልባት ለቄሱ ገብቷቸው ይሆናል። ግን ግዝት ግዝት ነው፤ ለሀብቱ ያልታለፈ ለክንዴ አይታለፍም። «መቶ ስግደት» አሉት።

ክንዴ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የግራ ጉልበቱን አንድ ጊዜ በሬ ረግጦታል። ሠላሳ ላይ ላበው፤ ጋቢውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለው። አምሳ ላይ ጉልበቱ ቋ ማለት ጀመረ። ደጁ ላይ የተሰበሰቡት ጎበዛዝት ይቆጥሩለታል፤ አንዳንዱ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ይቆጥርበታል። ይህን ሁሉ ስግደት ከፈጸሙት ሰዎች ከግዝቱ ወዲህ ያልገደለው እሱ ብቻ እንደ ሆነ አሰበ፤ ከሁሉ የከበደውም በእሱ ላይ እንደ ሆነ። ስልሳ ሁለት።

በዚህ መካከል ሀብቱ ከጫካው አቅጣጫ መጣ። ነጭ ጋቢ ተከናንቧል፤ የምንሽሩ አፈሙዝ ከሥሩ ብቅ ብሏል። ጋቢው ጭቃና እሾህ ነው፤ እጁ ባዶ ነው። ለሚስቱ ወንድም አንድ ብቻ ብሎ ቃል ገብቶ ኖሯል።

«አጎቴ!» አለ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ በጣም ተቆጥቶ። «ምን አደረጉብኝ? ሁለት ማለዳ ሙሉ ተቀመጥሁ። ገና ጋቢዬን ሲያዩ ጮኸው ገደል ይገባሉ! እርስዎን መስዬ ሄጄ እንደ ጠላት ሸሹኝ!»

ክንዴ በግንባሩ መሬት እንደ ነካ ቆየ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ደረቱን ናጠው። አምስቱም አሉ ማለት ነው። ቀና ሲል ጎበዛዝቱ ወደ ሀብቱ ዞረው ቆጠራውን ትተውት ነበር።

«ስንት ላይ ነበርሁ?» አላቸው።

የሚያውቅ አልነበረም። ክንዴ ጉልበቱን ያዝ አድርጎ ተነሣና ከአንድ ጀመረ።